ለፈርናንዶ ለቅሶ የሚደረሰው የት ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከጀርባ የሚሰማችሁ ጉርምርምታ ፍሪጁ ነው። ልንቀለው ስል ባለቤቴ “ወተቱስ?” አለችኝ። ስለዚህ ታገሱኝ።

የዛሬው ወሬዬ ቤዝቦል ነው። ቆይ፣ አትዝጉት!

አውቃለሁ። እኛ ቤት ቤዝቦል ማለት ሪሞት የሚፈለግበት ሰዓት ነው። እኔም ሎስ አንጀለስ ከገባሁ በኋላ ለዓመታት የገና ጨዋታ ሩቅ ዘመድ ነበር የሚመስለኝ። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ የቀረው ቆሞ መጠበቅ ነው። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ይባል የለ? እዚህ ግን ጌታውም ሎሌውም ይቆጣል።

ያኔ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ወላጆቻቸው ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፣ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ቦይል ሃይትስ ነው። ስማቸውን አልጠራም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ ከዚያ ወዲህ በስማቸው ስጠራቸው አይሰሙኝም።

ጥቅምት ነው። ማክሰኞ ማታ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 2024። ሺፍቴን ልረከብ ስመጣ ጋሼ ገንዘብ መቀበያዋ ሳጥን ቤት ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ያ ኮፍያ ከራሳቸው ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም ነበር፣ መላጣ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሬዲዮው በስፓኒሽ ያወራል። አንድ መኪና መውጫው ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ጋሼ ዞር ብለው ሳያዩ ቁልፉን ተጫኑት፣ እንጨቱ ተነሳ፣ ሰውዬው ሳይከፍል ሄደ።

“ምነው?” አልኳቸው።

“ፈርናንዶ ሞተ” አሉኝ።

ወንድማቸው መሰለኝ። ክው አልኩ። ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሀገር ቤት እንደተማርኩት ቀስ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ስንት ዓመቱ ነበር? 63። ታሞ ነበር እንዴ? አዎ፣ ሰሞኑን ሥራውንም ትቶ ነበር። ልጆች አሉት? አሉት። ቀብሩ መቼ ነው? ይሄኔ ቀና ብለው አዩኝ።

“ፒቸሩ ነው እኮ” አሉ፣ ቤዝቦል ላይ ኳሷን የሚወረውረው ማለታቸው ነው። “ፈርናንዶ ቫሌንዙዌላ።”

እውነቱን ልንገራችሁ? እፎይ አልኩ። በሆዴም ትንሽ ሳቅ አልኩ። ኳስ ተጫዋች ነው! ይሄን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው ማን እንደሆነ መስማት የጀመርኩት። ሌሊቱን ሙሉ አወሩልኝ። ሺፍታቸው አልቆ ቤት አልሄዱም።

ፈርናንዶ የተወለደው ኤቾዋኪላ በምትባል ትንሽ መንደር ነው፣ ሶኖራ፣ ሰሜን ሜክሲኮ። ለገበሬ ቤተሰብ አሥራ ሁለተኛ ልጅ፣ የመጨረሻው። የሎስ አንጀለሱ ቡድን ዶጀርስ ሲያመጡት እንግሊዝኛ አይችልም። ወፈር ያለ ነው፣ ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ ስፖርተኛ ነው ብሎ የሚገምት የለም። በፈረንጆቹ 1981 ወቅቱ ሲከፈት መጀመር የነበረበት ፒቸር እግሩን ታመመና የ20 ዓመቱን ልጅ “አንተ ግባ” አሉት። ለሂዩስተን አንዲት ነጥብ ሳይሰጥ 2 ለ 0 ዘጋው። ቀጥሎም አሸነፈ። ቀጥሎም። በጀመራቸው ስምንት ጨዋታዎች ስምንቱንም አሸነፈ፣ በአምስቱ ተጋጣሚው ዜሮ ይዞ ነው የወጣው። ዓመቱ ሲያልቅ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪና የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሁለቱንም ሽልማት ወሰደ። የፒቸሩን ሽልማት ሳይ ያንግ ይሉታል። ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የለም።

መሣሪያው ስክሩቦል የምትባል ውርወራ ነበረች፣ የቡድን ጓደኛው ቦቢ ካስቲዮ ያስተማረው። እጅ ወደ ተለመደው አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ይጠመዘዛል፣ ኳሷም እንደዚያው ባልተጠበቀ በኩል ትሸሻለች። ጋሼ በቁልፍ መያዣ አሳዩኝ። ሊወረውር እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ዓይኑን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ሁሉም ፒቸር የሚወረውርበትን ነው የሚያየው፣ እሱ ሰማይ ነው የሚያየው። የሚጸልይ መስሎኝ ጠየቅኳቸው። “ማን ያውቃል!” አሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ተጫዋች ነው፣ በቃ። ጥሩ ተጫዋች ሞልቷል። ወሬውን የቀየረው የአባታቸው ነገር ነው።

የዶጀርስ ስታዲየም የቆመበት ኮረብታ ቻቬዝ ራቪን ይባላል። ድሮ ሦስት መንደሮች ነበሩበት፣ ፓሎ ቬርዴ፣ ላ ሎማ፣ ቢሾፕ። የሚኖሩት አብዛኞቹ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተማው “የሕዝብ ቤቶች እንሠራለን፣ ልቀቁ” አላቸው። ለቀቁ። ቤቶቹ ሳይሠሩ ቀሩ። በኋላ ቡድኑ ከብሩክሊን ሲመጣ መሬቱ ለእሱ ሆነ። እምቢ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ቤተሰቦች በ1959 ፖሊስ ተሸክሞ አወጣቸው፣ ቡልዶዘር ተከተለ። ስታዲየሙ በ1962 ተከፈተ። ሰፈር ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ለናንተ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የጋሼ አባት ካደጉበት ቤት የተነሱት እዚያ ነው። “ያንን ደጅ አልረግጥም” ብለው ምለው ነበር። ኳሱን ይወዳሉ፣ ስታዲየሙን አይወዱም። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ በሃይሜ ሃሪን ድምፅ፣ በስፓኒሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በ1981፣ ጋሼ የ17 ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ አባትየው አንድ ቀን ሁለት ቲኬት ይዘው ገቡ። ምንም አላሉም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሸሚዛቸውን መተኮስ ጀመሩ።

“መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ቆሙ” አሉኝ ጋሼ። “አስፋልቱን አዩት። በእጃቸው ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙና ‘የእናቴ ማድቤት እዚህ ጋ ነበር’ አሉ። ቶዮታ ቆሞበታል። ከዚያ ገባን።”

ይሄን የሚነግሩኝ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብለን ነው። ሁለታችንም ዝም አልን።

እና ያን ጊዜ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እኛ ለቅሶ የምንደርሰው ለሟቹ አይደለም፣ ሟቹ አይሰማም። ለሐዘንተኛው ነው። ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፣ “እግዚአብሔር ያጽናህ” የሚባል ሰው አለ። የፈርናንዶ ቤተሰብ በግል ሐዘኑ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ በሬዲዮ የሚያለቅስ ከተማ ግን ማን ጋ ይሂድ? ማን ይቀበለው? ዕድርም የለው!

ስለዚህ ስታዲየሙ በር ሄዱ። በማግስቱ እኛም ሄድን፣ እኔና ጋሼ። ቪን ስከሊ ጎዳና ላይ፣ መግቢያው ላይ ያለው ትልቁ ምልክት ሥር። አበባ፣ ሻማ፣ ኮፍያ፣ 34 ቁጥር የተጻፈበት ኳስ። 34 የእሱ ቁጥር ናት። በ1991 ከቡድኑ ሲሰናበት ጀምሮ ማንም አልለበሳትም። ቡድኑ በይፋ ያሳረፋት ግን ገና በ2023 ኦገስት ነው፣ ጋሼ ይሄን ሲናገሩ አሁንም ይናደዳሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሰው በሕይወት እያለ ማክበር ላይ እኛም አንደኛ አይደለንም እንጂ።

የገረመኝ ምን መሰላችሁ? የማይተዋወቅ ሰው እርስ በርሱ ነው ለቅሶ የሚደራረሰው። አንዲት አሮጊት መጥታ ጋሼን ትከሻቸውን ያዝ አደረገቻቸው። ከየት እንደመጡ ተጠያየቁ። እሷም የአባቷን ሬዲዮ ነው የምታወራው። ቀጥሎ አንድ ወጣት። እሱ ፈርናንዶ ሲጫወት አልተወለደም፣ የሚያውቀው በድምፁ ነው። ለካ ፈርናንዶ ከ2003 ጀምሮ የስፓኒሹ ሬዲዮ ላይ ነበር። ሰውየው ኳስ መወርወር ትቶም ከዚያ ቤት አልወጣም።

እኔ ባዶ እጄን አልሄድኩም። ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም። ፌርፋክስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ካለ ሱቅ ቆሎ ገዝቼ ነበር፣ ቡና በቴርሞስ። ቆሎውን ለአሮጊቷም ዘገንኩላት። “ምንድን ነው?” አለች። “የለቅሶ ምግብ ነው” አልኳት። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፣ ግን ምን ልበላት። ልመለስ ስል ጋሼን እጃቸውን ያዝኩና በአማርኛ “እግዚአብሔር ያጽናዎት” አልኳቸው። ትርጉሙን ነገርኳቸው። መልሱስ ምንድን ነው አሉኝ።

“አሜን” አልኩ።

“አሜን” አሉ። እሱን መተርጎም አላስፈለገኝም።

ውሃ ልጠጣ አንዴ።

እሺ። ፈርናንዶ ከሞተ ከሦስት ቀን በኋላ፣ አርብ፣ ወርልድ ሲሪየስ፣ የቤዝቦሉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ተጀመረ። ተጋጣሚው ማን ነው? የኒውዮርክ ያንኪስ። ሁለቱ ቡድኖች ለዋንጫ ከተገናኙ 43 ዓመት ሆኗቸው ነበር፣ የመጨረሻው ያ 1981 ነው። ያኔ ዶጀርስ በጨዋታ ሁለት ለዜሮ እየተመሩ ነበር፣ ሦስተኛውን ጨዋታ ፈርናንዶ ነው የያዘው። ቀኑ መጥፎ ነበር፣ ኳሷ አልታዘዝ አለችው። ግን አልወጣም። 147 ጊዜ ወርውሮ 5 ለ 4 አሸነፈ፣ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ፈርናንዶ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ካገኛቸው ስምንት ድሎች ይልቅ ጋሼ ይቺን ነው የሚወዱት። “ሲያቅተው ያየነው ያን ቀን ነው” ይላሉ።

በነገራችን ላይ ያ አርብ ጥቅምት 15 ነበር። አበበ ቢቂላ ያረፈውም ጥቅምት 15 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1966፣ በ41 ዓመቱ። አዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ነው የቀበረችው። እናቴ ያን ቀን ስታወራ የራሷን ወንድም እንደቀበረች አድርጋ ነው። ድሮ ታጋንናለች እል ነበር።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል የዶጀርስ ፒቸር የሚቆምባት ጉብታ ላይ 34 ተጽፎ ነበር። እንደ ወጉ አንድ ትልቅ ሰው የመጀመሪያዋን ኳስ ይወረውራል። ያን ቀን የወረወረ የለም። ሁለት የድሮ ተጫዋቾች፣ ኦረል ኸርሻይዘርና ስቲቭ ዬገር፣ ወጥተው ኳሷን ጉብታው ላይ አስቀመጧት። ሄዱ። በቃ። ጋሼ በስልካቸው እያዩ ነበር፣ እኔ በትከሻቸው በኩል። አንዲት ነጭ ኳስ መሬት ላይ።

ያን ጨዋታ እንዴት እንዳለቀ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አሥረኛው ዙር፣ ኢኒንግ የሚሉት፣ ዶጀርስ 3 ለ 2 እየተመሩ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷቸው፣ ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳው ፍሬዲ ፍሪማን የመጀመሪያዋን ኳስ ከሜዳው አሻግሮ መታት። ሜዳው ላይ ሦስት ጓደኞቹ ነበሩ፣ አራቱም ገቡ። 6 ለ 3። በወርልድ ሲሪየስ ታሪክ እንዲህ ያለቀ ጨዋታ አልነበረም። ጋሼ ሳጥን ቤቷን በጡጫ መቷት፣ የደረሰኝ ወረቀቱ ሁሉ ተበተነ። እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። ሦስት መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ ይሄኛው ግን ለመውጣት አልነበረም።

በአምስት ጨዋታ ዋንጫው ተበላ። የድሉ ሰልፍ ኖቬምበር 1 ሆነ። ማን እንደመረጠው አላውቅም፣ ቀኑ የፈርናንዶ ልደት ነው። 64 ይሞላው ነበር። ለሜክሲኮዎች ደግሞ ያ ቀንና ማግስቱ ሙታን የሚታሰቡበት ነው፣ እኛ ተዝካር እንደምንለው ዓይነት፣ ግን የሁሉም ባንድ ላይ። ፎቶ ይሰቀላል፣ ሟቹ የሚወደው ምግብ ይቀርባል፣ ቢጫ አበባ ይነሰነሳል። አደይ አበባ መሰለኝ መጀመሪያ ሳየው።

ያን ጠዋት ሥራ ስገባ ጋሼ ሳጥን ቤቷ መስኮት ላይ ትንሽ መደርደሪያ ሠርተዋል። ሁለት ፎቶ። አንዱ ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ የሰቀለ ፈርናንዶ። ሌላው የአባታቸው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሱ። ሻማዋ በባትሪ የምትሠራ ናት፣ እሳት ክልክል ስለሆነ። አንድ ጣፋጭ ዳቦ። አጠገቡ በወረቀት ስኒ ቆሎ፣ የእኔ ቆሎ፣ ከዚያን ቀን የተረፈችው።

“ይወደዋል ብለው ነው?” አልኳቸው።

“አባቴን ነው ወይስ ፈርናንዶን?” አሉኝ።

ሰልፉ በዚያ በኩል ሊያልፍ ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪና የሚገባም የሚወጣም የለም። ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። ወንበር አውጥተን ደጅ ላይ ተቀመጥን።