ማኅተሙ ሥር ያለው አገጭ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የዝናብ ድምፅ ከገባ ይቅርታ፣ ጅማ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ከጀርባዬ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሣልልኝ ስላለው ደንበኛ ዛሬ አላወራም። እሱ አልቋል። አላለቀም፣ ግን ዛሬ አላወራም።

ከጭንቅላቴ አልወጣ ያሉት እማማ ናቸው። የባለቤታቸውን ጉርድ ፎቶ አምጥተው በታብሌት ሣልልኝ ያሉት።

3 በ 4፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከድሮ መታወቂያ የተላጠ። የቀበሌው ማኅተም ከትከሻው ተነስቶ አገጩን በልቶታል። «እሱን አጥፋልኝ፣ ሰውዬውን ተውልኝ» አሉኝ። ማጥፋቱማ ቀላል ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ነው የማይታወቀው። መልኩስ ስላቸው «ጠይም ነዋ!» አሉ። ጠይም ስንት ዓይነት ነው! አንዱ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ቢጫ። ይሄን ሌላ ቀን።

ዓይኑ ላይ ሞቻለሁ። ሌየር በሌየር፣ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ። የፎቶ ቤቱ መብራት ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ቀርታለች። ያቺን ነጥብ ቦታዋ ላይ ለማስቀመጥ ስንቴ አጎላሁት! ሲጎላ ደግሞ ዓይን የሚባል ነገር የለም፣ ግራጫ ካሬ ካሬ ብቻ። የታብሌቴ ብዕር 8192 የግፊት ደረጃ አለው፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ለምን እንደሚጠቅመኝ እንጃ። አገጩን ግን ዝም ብዬ ነው የሣልኩት። መስመር አወረድኩ፣ ጥላ ጨመርኩ፣ አለቀ። ሻይ እስኪመጣ።

እማማ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዓይኑን አዩ። ምንም። «ቆንጆ ነው» አሉ፣ ያ ለጎረቤት ልጅ የሚባለው ዓይነት ቆንጆ። ከዛ ጣታቸው ወረደ። አገጩ ጋ ቆመ። ማኅተሙ የነበረበት ቦታ! «ውይ፣ እሱ ነው። እዚህ ጋ እሱ ነው።» ጣታቸው ስክሪኑን ነክቶ ምስሉ ተገለበጠ። ላስተካክል እጄን ስሰድ «ተው፣ ቆይ» ብለው መለሱኝ። ተገልብጦም አገጩን ነው የሚያዩት።

ምን ይባላል? «እማማ፣ እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት» ይባላል? ከልጃቸው ወስጄ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ልጃቸው ፂማም ነው፣ አገጩን አይቼው አላውቅም። የራስህ ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስካሁን አፍንጫ ነበር፣ አሁን ደግሞ አገጭ አትጀምሩ። ምናልባት ሰው የሚያስታውሰው... አይ፣ ተውት። ሲጀመር ጥሩ ሐሳብ ይመስል ነበር።

ደስ ብሎኛል እኮ! ደስ እያለኝ ነው የወጣሁት። የአዌቱን ወንዝ ድልድይ ስሻገር ነው የቀፈፈኝ።

ሲሸኙኝ «እናቴንም ትሥልልኛለህ?» አሉኛ። እሺ፣ ፎቶ ያምጡ አልኩ።

«ፎቶ የላትም። ተነስታ አታውቅም። አንተ ግን ታውቅበታለህ ልጄ።»

ዋጋ ነገርኳቸው። ለምን ዋጋ እነግራለሁ? ያውም መደበኛውን። ከፎቶ የሚሣለውን።