እማማ በር ከፍተው የከረሙበት ኅዳር

እታለም፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ነን። ዛሬ ጋቢዬን ደርቤ ነው የተቀመጥሁት፣ ጋሼም ካፖርታቸውን አላወለቁም። ማይኩ ላይ የጥርስ መንቀጥቀጥ ከሰማችሁ የእኔ ነው።

ጋሼ፦ ሂተሩን ይዘሽው አትመጪም ነበር?

እታለም፦ ኧረ ስሙን አያንሱብኝ!

ጋሼ፦ ምን ላድርግ፣ ዛሬ የተቀመጥነው ለእሱ አይደል። በይ የመብራት ቢሉን ተናገሪ።

እታለም፦ እሺ። እኔ ቤት በወር 130፣ ቢበዛ 140 ኪሎዋት ሰዓት ነው የምንቆጥረው። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ በሳምንት ሁለቴ ምጣድ። የኅዳሩን ስልኬ ላይ ስከፍተው 618 ይላል።

ጋሼ፦ በብር ስንት ሆነ?

እታለም፦ ብሩን አልናገርም። ባለቤቴ ይህን ፕሮግራም ይሰማል።

ጋሼ፦ (ሳቅ) ለማያውቁት ላስረዳ። መኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፣ 50፣ 100፣ 200 እያለ ይወጣል። ከፍ ያለው እርከን ላይ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ስለዚህ ፍጆታሽ በአራት እጥፍ ሲያድግ ቢሉ በአራት እጥፍ ብቻ ጨመረ ማለት አይደለም።

እታለም፦ ሰው ሁሉ ደግሞ ይቀልድብኛል። «ዓባይ የሚነሳው ከእኛው ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ ነው መብራት የሚወደድብሽ» ይሉኛል።

ጋሼ፦ 5,150 ሜጋዋት ቢያመነጭም አንቺ ጓሮ ያለውን ሂተር የሚያጠፋልሽ የለም እኮ። መጀመሪያ ስትደውዪልኝ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?

እታለም፦ «ቆጣሪው አብዷል» አልሁ።

ጋሼ፦ ሠላሳ ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ ስኖር ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚላት ቃል ይህችው ናት። አንዳንዴ እውነት ይሆናል፤ ቆጣሪም ይበላሻል፣ ንባብም ይሳሳታል። ግን ከመጣላት በፊት የአሥር ደቂቃ ሥራ አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል። 1600 የሚል ከሆነ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ታጠፊያለሽ፣ ከዚያ ቆመሽ ታያለሽ።

እታለም፦ ሁሉን አጠፋሁ ብዬ እኮ ነው የወጣሁት። መብራቷ ግን በየሰከንዱ ማለት ይቻላል ብልጭ ብልጭ ትላለች።

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ነው እኔ ቆጣሪው ጤነኛ እንደሆነ የጠረጠርሁት። በየሰከንዱ አንዴ ገደማ ማለት 2000 ዋት አካባቢ ነው። 2000 ዋት የሚበላ ነገር ምን አለሽ ስል፣ ጸጥ አልሽ።

እታለም፦ የእናቴ ሂተር። ጓሮ ያለችው ክፍል የእናቴ ናት፣ ቆጣሪያችን አንድ ነው። 78 ዓመቷ ነው። ዕድሜ ልኳን በከሰል ምድጃ ነው የሞቀችው፤ የአዲስ ቅዳም ከተማን ከሰል፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለውን፣ በማዳበሪያ እያስመጣን። አምና ጎረቤት አንድ ሰው ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ በኋላ በፍጹም አልሁ። ሂተር ገዛሁ።

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ትክክል ነሽ፣ ይህን ማንም አይከራከርሽም። ከሰል ሲፋም ጭሱ ያልቅና ሰው አደጋውም ያለቀ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ ሽታም የለው። እንቅልፍ እየወሰደሽ ነው የሚገድልሽ።

እታለም፦ ሂተሩን ከገዛሁ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እናቴ ማጥፋት ብትረሳስ? እኔ ጠዋት 12 ተኩል ላይ ወደ ትምህርት ቤት እወጣለሁ። አንዱ ተማሪዬ ስማርት ሶኬት የሚባል አለ አለኝ። ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰኪዋለሽ፣ ሂተሩን እሱ ላይ ትሰኪያለሽ፣ በዋይፋይ ከስልክሽ ጋር ይገናኛል። የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ትሞያለሽ፣ አለቀ።

ጋሼ፦ ምን ብለሽ ሞላሽው? ይህችን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

እታለም፦ እናቴ ጠዋት ከመኝታዋ የምትነሣው 12 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከ12 እስከ 1 ይብራ አልሁ። ማታ ደግሞ ራት በልታ እስክትተኛ፣ ከ2 እስከ 4። በቀን ሦስት ሰዓት። ሦስት ሰዓት በ2 ኪሎዋት ስድስት ነው፣ እችለዋለሁ ብዬ ሒሳቡን ሁሉ ሠርቼ ነበር!

ጋሼ፦ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን አፑ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው የሚቆጥረው። አንቺ 12 ስትዪው የእኛን ቀን 6 ሰዓት ነው የሰማው። 1 ስትዪው ደግሞ የእኛን ሌሊት 7። እንግዲህ ከቀትር ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ።

እታለም፦ የማታው የተባለውስ?

ጋሼ፦ ከሌሊቱ 8 እስከ 10። ያ ሂተር ከቀትር ጀምሮ ሲነድ ውሎ ሲነድ ያድራል፣ በመካከል የሚያርፈው አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ውርጩ አጥንት ሲሰብር፣ እናታችን በሚነሡበት በዚያው ሰዓት ጠፍቶ ይጠብቃቸዋል።

እታለም፦ በቀን አሥራ አምስት ሰዓት! 30 ኪሎዋት ሰዓት! እንዲህ በሠራባት አሥራ ስድስት ቀን 480።

ጋሼ፦ በፊት በምትጠቀሚው ላይ ደምሪው፣ 618 ደረስሽ። ቆጣሪው አላበደም።

እታለም፦ ግን እንዴት አላወቅሽም የሚለኝ ሰው አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እናቴን ደህና እደሪ ልላት ስገባ በርቶ ነው የማገኘው! እሰይ፣ እንደ ሞላሁት እየሠራ ነው ብዬ እወጣለሁ። ከቀትር ጀምሮ በርቶ እንደነበር ምን አውቄ።

ጋሼ፦ እሳቸውስ ምንም አላሉ?

እታለም፦ ይኸው እኮ ነው ያሳቀኝም ያስለቀሰኝም። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ክፍሏ እንደ ምድጃ ይግላል። እናቴ ምን ታደርጋለች፣ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና ደጃፏ ላይ ፈትሏን ይዛ ትቀመጣለች። ዶሮዎቹ ሁሉ ገብተው ይሞቃሉ። ለጎረቤት «ልጄ ቀን ቀን ታሞቀኛለች፣ እግዜር ይስጣት» ትላለች። «ማለዳ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ግን ምን ይባላል፣ አስባልኝ ነው» ብላለች አሉ። እኔን ላለማስቀየም አንድም ቀን አልነገረችኝ!

ጋሼ፦ እማማ በር ባይከፍቱ ኖሮ እኮ ቢልሽ ይቀንስ ነበር። ሂተሩ የራሱ ቴርሞስታት አለው። ክፍሉ በቂ ሲሞቅ ቀጭ ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል። በሩ ክፍት ከሆነ ግን እንኳን ክፍሉን ሰፈሩን ሊያሞቅ ነው። ቀጭ አይልም።

እታለም፦ አንቱ ደግሞ መጥተው ሁለተኛ ጥፋት አገኙብኝ።

ጋሼ፦ ሁለተኛና ሦስተኛ። ሁለተኛው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬቱ ምን ይሁን የሚል ሴቲንግ አለ። አንዳንዱ እንደነበረ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል። ያንቺ ሁልጊዜ «በርቶ» ላይ ነበር። መብራት በመጣ ቁጥር ሂተሩ ሰዓቱ ባይሆንም ይበራል ማለት ነው። እኛ አገር ይህን የሚገዛ ሰው ከሰዓቱ በፊት ይህቺን ቢያይ ይሻለዋል።

እታለም፦ ነገሩን ካወቅሁ በኋላ ከትምህርት ቤት ሆኜ ላጥፋው ብዬ ስከፍተውም ኦፍላይን ነው የሚለኝ። ዋይፋዩ ጠፍቷል፣ ሂተሩ ግን ይነዳል።

ጋሼ፦ ስልክሽ ካልደረሰበት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል። ሦስተኛውን ደግሞ ስነግርሽ አልሳቅሁም። ሶኬቱ ላይ 10 አምፒር ይላል። 2000 ዋትን ለ220 ቮልት ብታካፍዪው 9 ከምናምን አምፒር ነው። ልክ አፋፉ ላይ። ለአንድ ሰዓት ይችል ይሆናል፣ ለአሥራ ሦስት ሰዓት ግን… ነቅዬ ሳየው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል።

እታለም፦ ያን ሳይ ነው ቢሉ ከሐሳቤ የጠፋው።

ጋሼ፦ ለሂተር ቢያንስ 16 አምፒር የሚችል ግዙ። ምጣድ ግን፣ አደራ፣ ምንም ዓይነት ስማርት ሶኬት ላይ አትሰኩ። ምጣድ 3500 ዋት ሊደርስ ይችላል፣ የራሱን መስመርና የራሱን ብሬከር ይፈልጋል። ከስልክሽ ሆነሽ እንጀራ አትጋግሪም መቼም።

እታለም፦ ጋሼ፣ እኔ ግን ይህ የሚደርሰው በእኔ በገጠሬዋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ አገር አውቶቡስ ይነዳል። ይህን ስነግረው ሳቁን ማቆም አልቻለም። እነሱ ቤት በጋዝ የሚሠራ ቦይለር ውሃ እያሞቀ በየክፍሉ ባሉ ራዲያተሮች ያዞራል። የእሱ ቴርሞስታት ስልኩ ወደ ቤት ሲቀርብ ማሞቂያውን ያበራል፣ ሲርቅ ያጠፋል።

ጋሼ፦ ጥሩ ነው እኮ!

እታለም፦ የሚነዳው አውቶቡስ መስመሩ በሰፈሩ በኩል ነው የሚያልፈው! በቀን ስምንት ጊዜ «ጌታዬ መጡ» እያለ ይነሣል።

ጋሼ፦ (ሳቅ) ወይ ጉድ!

እታለም፦ ያውም በዚያ በክፉው ጊዜ። በአውሮፓውያን 2022 የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ መንግሥታቸው ከጥቅምት ጀምሮ የአንድ መደበኛ ቤት ዓመታዊ የጋዝና የመብራት ወጪ 2,500 ፓውንድ አካባቢ ላይ እንዲቆም አድርጎ ነበር። ወንድሜ ሰው ሁሉ ይህን ጣሪያ መስሎት ነበር ይላል። ለካ ወሰኑ የተጣለው የአንዱ አሃድ ዋጋ ላይ ነው። ብዙ ያነደደ ከዚያም በላይ ይከፍላል።

ጋሼ፦ እንዳንቺው።

እታለም፦ እንደ እኔው! ደግሞ ሌላ ነገረኝ። ኔስት የሚባለው ታዋቂው ቴርሞስታት፣ የጎግል የሆነው፣ በአውሮፓውያን 2016 ጥር ላይ በሶፍትዌር ስህተት ባትሪው እያለቀ ብዙ ቤት በብርድ መካከል ማሞቂያ አጥቶ ነበር። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ ደግሞ በ2025 ጥቅምት ድጋፉን አቋረጡት። ግድግዳ ላይ በእጅ ይሠራል፣ ከስልክ ግን አይታዘዝም።

ጋሼ፦ ይህን ስሰማ የእኔ ሜካኒካል ሰዓት ቆጣሪ፣ እያዞሩ ጥርሱን የሚጫኑት፣ ደስ ይለኛል። ዋይፋይ የለው፣ አፕ የለው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

እታለም፦ ታዲያ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል እኮ ጋሼ! ሁለት ሰዓት መብራት ከጠፋ የማለዳው ሙቀት ረፋድ ላይ ነው የሚመጣው። የራስዎ ስለሆነ ነው የሚያሞግሱት።

ጋሼ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። ግን ሰዓቱን ሁሉ ትተሽ ወደ ላይ ተመልከቺ። የእናታችን ክፍል ጣሪያ ምንድን ነው?

እታለም፦ ቆርቆሮ።

ጋሼ፦ ኮርኒስስ?

እታለም፦ …የለውም።

ጋሼ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ነፋሱ ደግሞ ከጮቄ ተራራ በኩል ሲወርድ፣ ቆርቆሮው በረዶ ነው የሚሆነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮውን ይነካል፣ አለቀ። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይዞ ያቆያል፣ እሱን አትንኪው። ጣሪያው ግን ክፍት ማድጋ ነው። በሩን ብትዘጊው እንኳ ሂተሩ ማረፍ የሚችለው ኮርኒስ ካለ ነው።

እታለም፦ ቺፕውድ ዋጋው አይቀመስም።

ጋሼ፦ ቺፕውድ ማን አለሽ? ድሮ በአቡጀዲ እንሠራ አልነበር? ማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ ይመታል። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቅልለሽ ትዘጊዋለሽ። ከሂተሩ ግን ጨርቅ ይራቅ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር።

እታለም፦ አንድ አድማጭ ደግሞ ስለ ውሃ ቦይለር ጠይቆ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይብራ ወይስ በሰዓት?

ጋሼ፦ በሰዓት። 80 ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ይህን ወጪ አታመልጪውም። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሳይታጠብ እንደገና እንደገና የሚሞቀው ኪሳራ ነው። ከመታጠብሽ አንድ፣ ሁለት ሰዓት በፊት አብሪ። ሰዓቱን ስትሞዪ…

እታለም፦ ስድስት እደምራለሁ! ቀን ከ6 በኋላ ላለው ደግሞ አሥራ ሁለት ጨምሬ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ አሁንም ተሳሳትሽ። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ ሊል ሲል ላለው ሰዓት ስድስት ደምሪ፤ 12ቱን ግን እንደ ዜሮ ቁጠሪው። የማታው ከ12 ጀምሮ ላለው ነው 18 የሚደመረው። የማታ 2 ሰዓት 20 ነው። የሌሊቱን ከ6 ጀምሮ ያለውን ደግሞ ስድስት ቀንሺለት።

እታለም፦ ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው እናቴ የተሻለች። አሁን ሶኬቱን ነቅለናል። ስትነሣ ታበራለች፣ ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ ታጠፋለች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባንላት፣ ቀይ መብራት ያለው፣ ከሩቅ የሚታይ።

ጋሼ፦ ኮርኒሱስ?

እታለም፦ ቅዳሜ። ከረጢቱ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። መሰላል ከእርስዎ ነው።

ጋሼ፦ መሰላሉን አመጣለሁ። ስንት ሰዓት?

እታለም፦ ሦስት ሰዓት። በእኛው።