ኮምፒውተሩ የመንግሥት ነው፤ መልእክቱስ?

የተከበራችሁ የፖሊስ አመራሮችና አባላት፣ የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፤ እንኳን ወደ አዳማ በደህና መጣችሁ።

የፖሊስ የውስጥ ኢሜይል ቁጥጥር በሕግ እንዴት ይመራ በሚለው ጉዳይ እንድናገር ስጋበዝ፣ ከአንቀጽ በፊት የታወሰኝ አንድ ወረቀት ነው። መርማሪ ሳለሁ አንድ ማለዳ አለቃዬ አስጠሩኝ። ስለ አባቴ ሕመምና ስለ ዝውውሬ ለባልደረባዬ በቢሮው ኢሜይል የጻፍኩት መልእክት ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት መስመር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። በማን ፈቃድ እንደተነበበ ስጠይቅ «ኮምፒውተሩ የመንግሥት ነው» አሉኝና ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ወሬው በተሰማ በሳምንቱ ባልደረቦቼ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ዞሩ። የምርመራ መረጃ ከቢሮው ሰርቨር ወጥቶ በየግል ስልኩ መዞር የጀመረው፣ ሌባ ሰርጎ ስለገባ ሳይሆን እኛው እርስ በርስ መተማመን ስላቃተን ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ የመርሲሳይድ ፖሊስ ከፍተኛ መኮንን የነበሩት አሊሰን ሃልፎርድ፣ በጾታ መድልዎ ክስ ካቀረቡ በኋላ የቢሯቸው ስልክ ተጠለፈ። የአገሪቱ የ1985 እ.ኤ.አ. የጠለፋ ሕግ የተቋማትን የውስጥ መስመር አይመለከትም ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. የግል ሕይወት መብታቸው መጣሱን ወሰነ፤ እንግሊዝም በ2000 እ.ኤ.አ. የውስጥ ኔትወርክን ጭምር የሚመለከት አዲስ ሕግ አወጣች።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ሲደነግግ፣ ደንብ ልብስ የለበሰውን ለይቶ አላወጣም። ገደብ የሚጣለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት የተጠርጣሪን ግንኙነት ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንጠይቃለን፤ አስቸኳይ ሲሆን እንኳ ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይቀርባል። ታዲያ ለተጠርጣሪ ይህን ያህል የተጠነቀቅን ሰዎች፣ ለገዛ ሳጅናችን የአለቃ ትዕዛዝ ብቻ ይበቃዋል የምንለው በየትኛው ሕግ ነው?

ቁጥጥር አይኑር አላልኩም። ምስጢር የሚሸጥ አባል ካለ ይያዝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በዚሁ ረገድ ሊታይ ይገባል። ወደየመምሪያችሁ ስትመለሱ የኢሜይል አጠቃቀም መመሪያውን አስወጡና፣ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደሚያነብ፣ አባሉም አስቀድሞ እንዲያውቅ የሚያዝ አንቀጽ እንዳለው ተመልከቱ። ከሌለው፣ ያ አንቀጽ ተጽፎ እስኪጸድቅ ድረስ የማንንም አባል መልእክት አትክፈቱ።

አመሰግናለሁ።