ስክሪኑ ሞቷል ያለኝ ማነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የምቀርጸው ከቤቴ ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ከኋላ የምትሰሙት አሸዋ የሚያራግፍ መኪና ነው፣ ቻሉት። እዚህ ግንባታ አያልቅም።

ሁለት ሳምንት የጠፋሁት ላፕቶፔ ታሞብኝ ነው። ማታ ስሠራ አምሽቼ ዘጋሁት፣ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር። ፋኑ ይዞራል፣ የቻርጀሯ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም።

ደነገጥኩ። በሁለት ታክሲ መገናኛ ደርሼ አንድ ጥገና ቤት ገባሁና «ስክሪኔ ተበላሽቷል» አልኩ። ልጁ አበራው፣ አየው፣ «አዎ፣ ስክሪኑ ሞቷል፣ ይቀየራል» አለኝ። በቃ። ዋጋውን ስሰማ «አስቤበት እመለሳለሁ» አልኩት። ይህ ሲተረጎም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። ላፕቶፑን እንዲሁ በባትሪ አብርቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና በስልኬ መብራት ሻማ መፈለግ ጀመርኩ። ብርሃኑ በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ የሆነ ነገር አየሁ። ጠጋ አልኩ። ስልኩን በአግድም ያዝኩት። አለ! የይለፍ ቃል መጻፊያዋ ሳጥን፣ ከላይዋ ስሜ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ፎቶ ይመስላል፣ ግን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ምስሉን ይሠራል እንጂ በራሱ አያበራም። ብርሃኑ የሚመጣው ከኋላው ካለው ባክላይት ነው (ኦሌድ የሚባሉት ብቻ ናቸው ራሳቸው የሚያበሩት)። ስለዚህ በስልክ መብራት ሲታይ ደብዛዛ ምስል ካለ፣ የጠፋው መብራቱ እንጂ ምስሉ አይደለም።

በማግስቱ ኤችዲኤምአይ ኬብል ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። ድራማ እያዩ ነበር። «እትዬ፣ ቲቪውን ለ5 ደቂቃ ብቻ» አልኩ። ልጆቹ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። ቲቪው ላይ ግን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ መጣ። ግራፊክሱ፣ ማለትም ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ክፍል፣ ደህና ነው ማለት ነው። ላፕቶፑን ላነሳ ክዳኑን ዘንበል ሳደርገው ደግሞ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መልሼ ዘንበል አደረግኩት፤ ብልጭ። ትንሹ ልጅ «ጋሼ፣ በራ!» ብሎ ጮኸ። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ነው። ምስሉም የባክላይቱም ኃይል የሚሄደው በእሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የእናንተ መስመር መስመር የሚሠራ ከሆነ ስክሪንሹት አንሱና በስልካችሁ እዩት። መስመሩ ስክሪንሹቱ ላይ ከሌለ ችግሩ ስክሪኑ ወይም ኬብሉ ነው። እዚያም ካለ ወደ ግራፊክሱና ወደ ድራይቨሩ (ግራፊክሱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሂዱ።

እኔ ወደ ሰፈራችን ጠጋኝ ሄድኩ፣ ስልክ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ። አሁን «ስክሪኔ ተበላሽቷል» አላልኩም። ያየሁትን ብቻ ነገርኩት። ልጁ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለ። ለምን ስለው፣ ኃይል እያለ የስክሪን ኬብል ከተነካካ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው የባክላይት ፊውዝ ልትቃጠል ትችላለች አለኝ። ያኔ ወደድኩት። ኬብሉ ማጠፊያው ጋ ተልጦ፣ ፀጉር የሚያህሉ ሽቦዎች ወጥተዋል። ከአንድ የሞተ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ፈትቶ ቀየረልኝ።

የመገናኛውን ልጅ ስረግመው ነበር የሰነበትኩት። ሳስበው ግን ፍርዱን ይዤለት የሄድኩት እኔ ነኝ። እሱ ፈረመበት። ሐኪም ጋ ገብቶ «ታይፎይድ ይዞኛል» እንደሚል ሰው። አዎ፣ እሱም ቢያንስ አንድ ሞኒተር ሰክቶ ማየት ነበረበት፣ ያን አልምረውም።

ጠጋኙ ሲያስረክበኝ «ክዳኑን በአንድ ጥግ ነው አይደል የምትከፍተው?» አለኝ። በምን አወቀ? አሁን ክዳኑ መሃል ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፣ እዚህ ጋ ያዝ ለማለት። እጄ ግን ዛሬም ጠዋት ወደ ጥጉ ሄዳለች። በሉ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል፣ ሳይጠፋ ልላክላችሁ።