ለልጆቹ አንቺ ሆዬን ስጧቸው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ተማሪዎች ኳየር፣ አብሮ ስለሚዘፍን የተማሪ ቡድን ማለቴ ነው፣ ላወራችሁ ነው፤ ለልጆች ምን ዓይነት ዜማ እንምረጥላቸው የሚለውን።

ደሴ ውስጥ የተማሪ ኳየር የያዘ ሰው በየዓመቱ የሚሰማት ነገር አለች። «ኧረ ቀለል ያለ ስጣቸው፣ ልጆች እኮ ናቸው!» የሚሉት ክፉ አስበው አይደለም። የወላጆች በዓል ሲደርስ አዳራሹ እንዲያጨበጭብ ነው። ሰው የሚያውቀው ዜማ ከሆነ ጭብጨባው አይቀርም። እኔ ግን አልስማማም።

እስቲ ልጆቹን እንያቸው። አንዷ ከሕፃንነቷ ቁርኣን ቀርታለች፤ ሱራውን በቃሏ ታነበንበዋለች። መንዙማ ሲወጣ መቀበል ያደገችበት ነው። አጠገቧ የቆመው ልጅ ዳዊት ደግሟል። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታል። እነዚህ ናቸው ሦስት ስንኝ ይከብዳቸዋል የሚባሉት?

ደግሞ ከባድ ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፈረንጅ ዜማ ነው። ለእኔ ትልቁ ፈተና እዚሁ ደጃችን ነው ያለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራቱም ወሎ ሲባል አብረው የሚነሱ ቅኝቶች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸው ራሱ የአገራችን ነው። ልጆቹ አራቱንም በጆሮ ያውቋቸዋል። የሚያውቋቸው ግን በአንድ ዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖር፣ ባስ ብሎ መክፈል፣ ለየአንዳንዱም የራሱን መስመር መስጠት ሌላ ሥራ ነው።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል የድምፆቹ ስም ናቸው፤ ዶ የቅኝቱ መነሻ ናት። ትዝታ ሜጀር በሚባለው የትዝታ ዓይነት ላይ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አብረው ሲወጡ ጆሮ ያርፋል። ስለዚህ በእሱ እንጀምራለን። አምባሰል ላይ ሚ የለችም። ከዶ በግማሽ ድምፅ፣ በትንሿ እርምጃ ብቻ ትወጡና ወዲያው ወደ ፋ ትዘላላችሁ። ሶል ግን አለች፤ ባሶቹ ዶን ሲይዙ እላይ መደገፊያ አላችሁ። አንቺ ሆዬ ላይ ያቺም ሶል በግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። መደገፊያ የለም። ያለ መሣሪያ ይህን በሦስት ድምፅ የሚይዝ ኳየር እውነተኛ ጆሮ አለው።

ልምምድ ላይ ሶፕራኖዎቹ ያቺን ግማሽ ድምፅ ሲወጡ አልቶዎቹን ይዘዋቸው ይሄዳሉ። አልቶ መስመር ላይ አንዲት ልጅ ማንም ሳይነግራት አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ከደነችና የራሷን ድምፅ ያዘች። ከጎኗ ያሉት እሷን ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይንቀለው!

ድምፃቸው የጎረመሰ ወንዶችስ? ብዙ ቦታ «አንተ ለጊዜው አርፈህ ቁም» ይባላሉ። በጣም ያሳዝነኛል። እኔ የመነሻዋን ዶ ለእነሱ ነው የምሰጣት። የሚመቻቸው ድምፅ ጥቂት ቢሆንም ያቺን አንዷን ይይዟታል፤ ሁሉም እነሱ ላይ ነው የሚቆመው። እንደተፈለጉ ሲያውቁ አቋማቸው ራሱ ይቀየራል።

ሁሉም ነገር ከባድ ይሁን አላልኩም። በዓመት አንድ ይበቃል። መስከረም ይጀመር፣ ለሰኔ ይድረስ፤ በመሃል የሚወዷቸውን ዘፈኖች ይዝፈኑ። ከባዱም በአንድ በኩል ብቻ ይክበድ። ቅኝቱ ከከበደ ግጥሙ የሚያውቁት ይሁን። ግጥሙም ዜማውም አከፋፈሉም አዲስ ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ መብታቸውም ነው። ሰኔ ላይ ካልደረሰስ? አብሽሩ፣ መድረክ ላይ አይወጣም። ክፍል ውስጥ ለራሳቸው ይዘፍኑታል፣ መስከረም ላይ ይቀጥላል።

ርዕሳነ መምህራን የምትሰሙኝ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኳየሩን መምህር በጭብጨባው አትመዝኑት። ልምምድ ላይ ገብታችሁ አንድ ጊዜ ተቀመጡ።

ለጀማሪዎች ደግሞ፦ ቅኝቱን መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይልመደው፣ ክራር እያገዘው። ከዚያ ክራሩን አቁሙ። ሲጸና ለሁለት ክፈሉት፣ ሦስተኛው ድምፅ በኋላ ይመጣል።

ደሴም ኮምቦልቻም ኳየር የያዛችሁ፣ ዘንድሮ የመረጣችሁትን ከባድ ዜማ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ። ያልተስተካከለም ቢሆን ላኩት። በሚቀጥለው ክፍል አብረን እንሰማዋለን።