ላስቲክ ያው ላስቲክ ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ሥዕልና ህትመት ስለሚታሸግበት የላስቲክ ከረጢት ነው። አትሳቁ! ሥዕልና ህትመት የሚሸጥ ሰው ይገባዋል።

ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ ሥዕሉ ላይ ነበር። ላስቲክ ያው ላስቲክ ነው ብዬ ያገኘሁትን ገዛሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ "አውጥቼ ልየው?" አለችኝ። "ችግር የለም" አልኳት። ስታወጣው መዝጊያው ላይ ያለው ሙጫ የህትመቱን ፊት ያዘው። ጥግ ላይ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ከሙጫው ጋር ተላጦ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀችው ደግሞ እሷ ናት! ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ለካ ሙጫው መዝጊያው ላይ ሳይሆን ከረጢቱ ጀርባ ላይ የሆነ ዓይነት አለ። ሥዕሉ ሲገባም ሲወጣም ሙጫ አያገኘውም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ገዝቼ አላውቅም።

መጠኑም ሸውዶኛል። ኤ4 ማለት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ግን የወረቀቱ ልክ ነው። ወፍራም ካርቶን ላይ ስትለጥፉት ውፍረቱም ቦታ ይፈልጋል። ልክክ ያለ ከረጢት ውስጥ በግድ ስታስገቡት ወይ ጥጉ ይጎዳል፣ ወይ ላስቲኩ ይተረተራል። ከሰፋ ደግሞ ሥዕሉ ውስጡ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁጥር አላምንም፤ የተለጠፈውን ራሱን ይዤ ሄጄ አስገብቼ አያለሁ።

ከዓይነቶቹ ለስላሳውን ፒቪሲ አልወደውም። የሚያለሰልሰው ኬሚካል እያደር ይወጣና ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ሴሎፋን መስታወት ይመስላል፣ ያምራል። ግን እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እኔ የረጋሁት ፖሊፕሮፒሊን ላይ ነው። ጥርት ያለ ነው። ኮሽ ኮሽ ማለቱን ግን ቻሉት።

ደግሞ በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም እየረጨ በሚያትም ማተሚያ) የታተመ ነገር እንደወጣ አታሽጉ። ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። እኔ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አሳድረዋለሁ። አለዚያ ትነቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

አሁን ስሸጥ ከየዓይነቱ አንድ ያልታሸገ ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሰው እሱን ይዳስስ፣ የታሸገውን ይውሰድ። ያ የተላጠው ህትመትስ? አልጣልኩትም። አዲስ ከረጢት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው።