ሃያ ብላችሁ አትጻፉ

እንዴት ዋላችሁ የነርሲንግ ልጆች፣ ወላጆችም፣ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ አርፍጃለሁ። ታክሲው ለገሃር ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ወረድኩና ቸርችልን በእግሬ ያዝኩት፣ ፖስታ ቤት ጋር እሺ ነበርኩ፣ ጥቁር አንበሳ ጋርም ምንም አልልም፣ ቴዎድሮስ አደባባይ መድፉ ጋር ስደርስ ግን በቃ ቆምኩ። ሰዓቴን አየሁና ትንፋሼን ቆጠርኩ፣ 28። ሰው ዳገት ሲወጣ ፎቶ ይነሳል እኔ ትንፋሽ እቆጥራለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት አየሩም ሳሳ ያለ ነው፣ ግን ሰበብ አልፈልግም ዕድሜም አለበት።

እዚህ ማዘጋጃው አጠገብ ደርሼ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ደግሜ ስቆጥር 16 ሆኗል። ጤነኛ ሰው እንደዚህ ነው፣ ዳገቱ ሲያልቅ ትንፋሹ ይመለሳል። የታመመ ሰው ግን ዳገቱ ውስጡ ነው ያለው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ቸርችልን እየወጣ ነው፣ ማንም አያይለትም።

ፕሮግራሙ ላይ የኔ ርዕስ "የተለመዱ የሰውነት ሲስተም ሕመሞችና የነርሲንግ አያያዛቸው" ይላል። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ስኳር፣ አንጎል፣ ሁሉንም በ20 ደቂቃ! አረ ባካችሁ፣ 4 ዓመት ሙሉ የተማራችሁትን እኔ ምን ልጨምርበት። ስለዚህ አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው ማወራው፣ ትንፋሽ ስለመቁጠር። እናንተ ነገ ጋውን ለብሳችሁ ዎርድ ምትገቡት ልጆች በተለይ ስሙኝ፣ ወላጆችም ብትሰሙ አይጎዳችሁም።

ዎርድ ገብታችሁ የፈለጋችሁትን ቻርት ግለጡ። ፐልስ (የልብ ምቱ) 88፣ 104፣ 76 እያለ ይሄዳል፣ ቢፒው (የደም ግፊቱ) ይለያያል፣ ትኩሳቱ ይለያያል፣ ትንፋሽ ሚለው መስመር ላይ ስትደርሱ 20፣ 20፣ 20፣ 22 (ይሄኛውን ህሊናው ትንሽ ቆንጠጥ አርጎታል) ከዛ እንደገና 20። የሚያጣጥር ሰው ቻርት ላይ ሁሉ 20። ለቢፒ መለኪያ አለን፣ ለትኩሳት ቴርሞሜትር አለ፣ ኦክስጅኑን ጣት ላይ ምትሰካው ነገር ትነግረናለች፣ ለትንፋሽ ግን ማሽኑ አንቺው ነሽ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ መቆም ይፈልጋል፣ ዎርዱ ሞልቶ ለሁለት ነርስ ደሞ አንድ ደቂቃ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ ኖሬበታለሁ።

እኔም ጽፌያለሁ። 20 ብዬ።

የሆስፒታሉን ስም ተዉት። የማታ ሺፍት ነው፣ ገና ሁለት ሦስት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ ምልበት ጊዜ። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው፣ ሆዷን ይዛ ትታጠፋለች፣ ያስመልሳታል፣ ካርዷ ላይ ጨጓራ ተብሎ ተጽፎ ሲሜቲዲን ታዞላታል። ቢፒ ለካሁ፣ ፐልሷን ያዝኩ 120፣ ትንፋሽ 20 ብዬ ሞላሁና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። አስታማሚዋ አያቷ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ኮሪደር ድረስ ተከትለውኝ መጡና "ልጄ፣ ይቺ ልጅ የሮጠች ይመስል ምን ያስለከልካታል?" አሉኝ። እኔ 20 ያልኩትን እሳቸው ማለክለክ አሉት።

ተመለስኩ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥኩና ቆጠርኩ፣ 38። ዝም ብሎ ፈጣን ብቻም አይደለም፣ ጥልቅ ነው፣ አየሩን ከሆዷ ስር ነው ምትስበው፣ ሳንባዋን ሳዳምጥ ደሞ ንጹህ ነው ምንም የለም። ጠጋ ስል አፏ ይሸታል። መጽሐፉ የበሰበሰ ፍሬ ነው ሚለው፣ ለኔ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው የሸተተኝ፣ አሴቶን። የስኳር መለኪያው ግሉኮሜትር ቁጥር እንኳን አልሰጠኝም፣ "ሃይ" ብሎ ቀረ፣ ከምችለው በላይ ነው ማለቱ ነው። ስኳር እንዳለባት እሷም አያቷም አያውቁም ነበር።

ጨጓራ አልነበረም። ቆሽቷ ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል፣ ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስቡን ያነዳል፣ ስቡ ሲነድ ኬቶን ሚባል አሲድ ይወጣል፣ ደሟ አሲድ ይሆናል፣ ሳንባዋ ደሞ ያንን አሲድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ላውጣው ብሎ ቀን ከሌት ይተነፍሳል። ኩስማውል ብሪዚንግ ብላችሁ ለፈተና የሸመደዳችሁት ማለት ነው፣ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1874 እ.ኤ.አ. የገለጸው። ሸምድዳችሁታል ግን አልጋው ላይ ስታዩት 20 ትሉታላችሁ፣ እንደኔ። የታመመው ስኳሩ ነው፣ ሚጮኸው ሳንባው ነው።

ለዚህች ልጅ የተደረገውን ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ ኖርማል ሳላይን (ጨው ያለበት ፈሳሽ በደም ስር) በደንብ፣ ከዛ ሬጉላር ኢንሱሊን፣ ስኳሯ በየሰዓቱ። እዚህ ጋ አንዴ ብቻ ልቁም፣ ደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሳይታይ ኢንሱሊን አይጀመርም። ከ3.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይተካል፣ ምክንያቱም ኢንሱሊኑ ያለችውን ፖታሲየም ከደም ወደ ሴል ነድቶ ያስገባትና ስኳሩን አዳንን ስንል ልብ ይቆምብናል። ዶክተሩ ቸኩሎ ቢያዝ እንኳን "ፖታሲየሟ ስንት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ድፍረት አይደለም፣ ሥራችሁ ነው።

ልጅቷ ድናለች። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በሽተኛ ሲዞሩ፣ "ያገኘቻት ሲስተር ናት" ተባለና ተመሰገንኩ፣ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ያገኙት አያቷ ናቸው። ይሄን ዛሬ ነው በአደባባይ የማወራው።

ስለዚህ አስታማሚ ሲነግራችሁ ስሙ። "ዛሬ አልተመቸኝም ልክ አይደለም" ሲሏችሁ "እማማ ዞር ይበሉ ራውንድ ነው" አትበሏቸው።

ልብ ላይ እንምጣ። የልብ ድካም ያለበትን ሰው "ያፍንሃል ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁት አረ ደህና ነኝ ይላችኋል፣ የኛ ሰው ነዋ። "አባባ በስንት ትራስ ነው ሚተኙት?" በሉ። ያኔ "ድሮ በአንድ ነበር አሁን በሦስት ነው፣ ሌሊትም እየተነሳሁ መስኮት እከፍታለሁ" ይሏችኋል፣ በቃ ምርመራው ግማሹ አለቀ። እኔ በሠራሁበት ዎርድ ከበዓል ማግስት አልጋ አይገኝም ነበር፣ በተለይ ከፋሲካ። 55 ቀን ተጹሞ በአንዴ ዶሮው፣ ጥብሱ፣ ቅቤው፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ጨው። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ደም ስር ይሞላል፣ የደከመው ልብ መግፋት ያቅተዋል፣ ወደኋላ ሳንባ ላይ ይተኛል። በቀን ከ5 ግራም በታች ነው ሚመከረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ብትሉ ነው፣ በርበሬው ውስጥ ያለውን ጨምሮ።

ሌላው ላሲክስ ነው፣ ውሃውን በሽንት ሚያስወጣው ክኒን። ለምን አልወሰድክም ስትሉት ረሳሁ ይላል፣ ውሸቱን ነው። አንድ አባት ቆይተው ነው የነገሩኝ፣ "ለቅሶ ስሄድ አልውጠውም፣ መርካቶ ስሄድም አልውጠውም፣ የት ልሽናልሽ?" አሉኝ። እንግዲህ ለዚህ መልስ ያለው መጽሐፍ አላየሁም፣ ከተማ ውስጥ ሽንት ቤት እንደልብ የለም። የነገርኳቸው አትተዉት ግን ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያሸጋሽጉት ነው፣ ከቀብር ሲመለሱ 8 ሰዓት ላይ ቢውጡት ካለመዋጥ በጣም ይሻላል። ክብደትም በየጠዋቱ፣ ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በዛው ልብስ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውፍረት አይደለም ውሃ ነው፣ ይምጣ። ሚዛን የለኝም ካላችሁ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግተው ሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል፣ አንዱን ደንበኛ ያዙ፣ ሁሌ በሱ ሚዛን።

እና ደሞ እባካችሁ ያፈነውን ሰው ጠፍጣፋ አርጋችሁ አታጋድሙት፣ ቀና አርጉት፣ እግሩን ወደታች ልቀቁለት። ቤተሰብ ደሞ "ግሉኮስ ይደረግለት አቅም እንዲያገኝ" ይላል፣ እኛ ሀገር ከላስቲክ የሚንጠባጠብ ነገር በሙሉ ግሉኮስ ነው ስሙ። ልቡ ውሃ መግፋት ላቃተው ሰው ውሃ ጨምሩለት ማለት ነው እኮ። ተቆጥታችሁ ሳይሆን አስረድታችሁ እምቢ በሉ።

አስም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሽተኛው ሲመጣ 36 ነበር፣ ሲር ሲር ይላል፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስትቆጥሩ 14 ሆኗል፣ ድምጹም ጠፍቷል፣ እፎይ ተሻለው ትላላችሁ። ፊቱን እዩት። ካወራችሁትና ሙሉ አረፍተ ነገር ከመለሰ አዎ ተሽሎታል። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን ደክሞት ነው፣ አየር ስለማይገባ ነው ድምጹ የጠፋው፣ ሩጡ። ቁጥር ብቻውን አያወራም ለማለት ነው። ፓፍ (በአፍ ሚሳበው የአስም መድኃኒት) ሲያዝለት ደሞ ስፔሰር፣ ፓፉን ከአፉ ጋር ሚያገናኘው ባዶ ቱቦ፣ የለም ብላችሁ አትቀመጡ፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታችዋን በፓፉ አፍ ልክ ቀዳችሁ ዙሪያዋን በፕላስተር አሽጉ፣ ሠርቶ ያያችሁት ይገርማችኋል።

ኦክሲሜትር፣ ያቺን ጣት ላይ ምትሰካዋን፣ የሚያመልኩ ልጆች አሉ። "ሲስተር ሳቹሬሽኑ 96 ነው እኮ!" ይሉኛል። የዛች ልጅም ቢለካ ኖሮ ጥሩ ነበር ሚያሳየው፣ ሳንባዋ ጤነኛ ነው አልኳችሁ። ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ የገባ ሰውም ኦክስጅኑ ሳይወርድ በፊት ትንፋሹ ይፈጥናል። 22 እና ከዛ በላይ ሆኖ፣ ሐሳቡ ከተዘበራረቀ ወይ የላይኛው ቢፒ 100ና ከዛ በታች ከወረደ፣ ሪፖርት መጻፊያ ሰዓት ሳይሆን ዶክተር መጥሪያ ሰዓት ነው። ኩላሊቱ የደከመም እንደዛው፣ አሲዱን በሽንት ማውጣት ሲያቅተው በሳንባው ያወጣዋል። በተቃራኒው ኦፕራሲዮን አልቆለት ሞርፊን ወይ ፔቲዲን፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ የወሰደ ሰው "እሰይ ተኛ" ብላችሁ ካለፋችሁት 8 ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ቀስቅሱት፣ ኦክስጅን፣ ናሎክሶን (ማርከሻው)፣ ተጣሩ።

እናቶች፣ ለናንተ ደሞ። ልጅ ሲያስለው ልብሱን ገልጣችሁ ሆዱንና ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 ከሞላ፣ እስከ ዓመቱ 50፣ ከዛ እስከ አምስት ዓመቱ 40፣ ወይ ደሞ ሲተነፍስ ከጎድኑ ስር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ብርድ ነው ምናምን ሳትሉ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ የሚባለውን እዚህ መሃል አዲስ አበባ ድረስ እያሰብን ያለን ካለን ደሞ ይቅርብን፣ ደምቶ የሞተ ልጅ አይቻለሁ፣ ስለሱ ብዙ ማውራት አልችልም።

ትንፋሽ ማይነግራችሁ ነገርም አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ ዋሽቻለሁ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሳደባል፣ ሰክሯል ይሉታል፣ ትንፋሹ ምንም ላይል ይችላል። በጾም ኢንሱሊኑን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የቆየ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ በረመዳንም እንደዛው፣ ሁለቱም ጋ ለበሽተኛ ፈቃድ አለ፣ ከሃይማኖት አባቱም ከሐኪሙም ይነጋገር። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ሳንባው ውስጥ ነው ሚገባው፣ በደም ስር ፎርቲ ፐርሰንት ግሉኮስ ነው መልሱ። ስትሮክም ላይ ትንፋሽ ዘግይቶ ነው ሚናገረው። አፉ ከተጣመመ፣ እጁ ከወደቀ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ሰዓቱን ጻፉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት፣ ምክንያቱም የደም መርጋቱን ሚያሟሟው መድኃኒት ሊሰጥ ሚችለው ከዛ ጀምሮ አራት ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ድረስ ነው። ስኳሩን ለኩ፣ መዋጡ ሳይታይ ውሃም እንዳትሰጡ፣ ጸበሉንም ቢሆን ግንባሩ ላይ ይረጩለት እንጂ አያጠጡት።

አሁን አቆጣጠሩን ላሳያችሁና ልውረድ። "ትንፋሽህን ልቆጥር ነው" እንዳትሉት፣ ሰው ሲነገረው አተነፋፈሱ ይቀየራል። እጁን ያዙ፣ ፐልስ እየቆጠራችሁ ይምሰለው፣ ዓይናችሁ ደረቱ ላይ። ጋቢ ከለበሰ የራሱን እጅ ደረቱ ላይ አድርጉና እጁ ሲነሳ ሲወርድ ቁጠሩ። ሙሉ 60 ሴኮንድ። 15 ቆጥሮ በ4 ማባዛት የለም፣ አንዷን ብትስቱ አራት ሳታችሁ ማለት ነው።

እስቲ ሁላችሁም ጎናችሁ ያለውን ሰው እጅ ያዙ። አዎ ወላጆችም፣ አባባ እርስዎም። ሰዓት እኔ እይዛለሁ፣ አትሳቁ፣ ጀምሩ።

...

በቃ። ስንት አገኛችሁ? 14? ጎሽ። 18? እሺ። 23? እሷ ደረጃውን በሩጫ ነው የመጣችው፣ ቆይተሽ ድገሚላት።

ሃያ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።

እናንተ እንደገና ቁጠሩ።